ማልያ ወይስ ኳስ? የከርሾን ማስታወሻ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ የነበረው የክሌይተን ከርሾ አድናቂ ነው። እኔ ስለ ቤዝቦል ብዙም አላውቅም። ከርሾ መጫወት ስላቆመ ማስታወሻ ልገዛለት አስቤ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ፊርማ ያለበት 22 ቁጥር ማልያ ነው፤ 2,400 ዶላር ይላል። ሻጩ ‹ከቡድኑ የወጣ ነው፤ ሆሎግራምም የምስክር ወረቀትም አለው› ብሎኛል። ሌላው በሜዳው ባደረገው የመጨረሻ ጨዋታ የተወረወረ ኳስ ነው፤ 650 ዶላር። ፊርማ ስላለው ማልያው ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ሲቆይም ዋጋው ይጨምራል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ማልያውን ይተዉት። ኳሱንም ሊጉ ስለ ዕቃው የያዘውን የማረጋገጫ መዝገብ በራስዎ ዓይን ሳያዩ አይግዙት። መዝገቡ ልክ ሆኖ ከተገኘ ግን ከሁለቱ የሚሻለው ኳሱ ነው።

ሻጩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። የነገረዎት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ማልያው በእርግጥ ከዶጀርስ የወጣ፣ ፊርማው የከርሾ፣ ሆሎግራሙም ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ከርሾ አንድ ቀን እንኳ ለብሶት ላያውቅ ይችላል። በዚህ ገበያ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቡድን ለአንድ ተጫዋች በዓመት በርካታ ማልያ ያሠራል። አንዳንዱ ይለበሳል። አንዳንዱ መልበሻ ክፍል ውስጥ እንደተሰቀለ ውድድሩ ያልቃል። ልኩም፣ ቁጥሩም፣ ስፌቱም አንድ ነው። ያልተለበሰው ለሽያጭ ሲወጣ «ከቡድኑ የወጣ» ወይም «ለተጫዋቹ የተዘጋጀ» ይባላል። የተለበሰው «በጨዋታ ላይ የዋለ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። ሻጩ እጅ ያለው የተለበሰው ቢሆን ኖሮ እርስዎ ሳይጠይቁ በትልቁ ይጽፈው ነበር። ማስታወቂያው «የተጫወተበት» ካላለ፣ አልተጫወተበትም ብለው ይነሡ።

ሆሎግራሙም ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሰው ያን የሚያብረቀርቅ ስቲከር ሲያይ ዕቃው ሜዳ ገብቶ የወጣ ይመስለዋል። የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ስቲከር ግን የሚለጠፈው በብዙ ዓይነት ዕቃ ላይ ነው። በጨዋታ ላይ በተወረወረ ኳስ ላይ ይለጠፋል። በተሰበረ ዱላ ላይ ይለጠፋል። ተጫዋቹ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በፈረመበት አዲስ የሱቅ ማልያ ላይም ይለጠፋል፤ የሊጉ እማኝ ፊት ከፈረመ ይበቃል። ስለዚህ ስቲከሩ ለብቻው የሚነግርዎት ነገር ቢኖር «መዝገቡን እይ» የሚል ብቻ ነው። ስቲከሩ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላትና ስድስት አኃዞች አሉ። እነሱን በሊጉ ድረ ገጽ የማረጋገጫ ክፍል ውስጥ ሲያስገቡ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጨዋታ እንደዋለ ይወጣል። ስለ ማልያው ሲጠይቁ «የተፈረመበት ማልያ» የሚል ብቻ ከመጣ፣ ሻጩ 2,400 ዶላር የጠየቀዎት ለፊርማ ነው።

ይህ አሠራር እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳንዲያጎ ፓድሬስ ኮከብ የነበረው ቶኒ ግዊን በገዛ ቡድኑ ሱቅ ውስጥ የእሱ ስም የተፈረመባቸው ዕቃዎች ሲሸጡ አየ። ፊርማው ግን የእሱ አልነበረም። ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለ ምርመራ የፎርጅድ ፊርማ መረቦችን በጣጠሰ። በዚያን ጊዜ መርማሪዎቹ ገበያ ላይ ካለው የተፈረመ የስፖርት ማስታወሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፎርጅድ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምቱ ነበር። ተጫዋቹ ራሱ በቡድኑ ሱቅ ውስጥ ፎርጅድ ካገኘ፣ ተራው ገዢ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሊጉ በ2001 የራሱን የማረጋገጫ ሥርዓት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ የቆመው በዓይን ምስክር ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ አንድ እማኝ ሜዳው ዳር ይቀመጣል። እማኞቹ በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ ፖሊሶች ናቸው፤ የማስረጃ አያያዝ ሙያቸው ነው። ከርሾ ይወረውራል እንበል። ኳሱ መቺው ፊት አፈር ይነካል። ያ ኳስ ከጨዋታ ይወጣል፤ የሜዳ ሠራተኛው ተቀብሎ ወደ እማኙ ያመጣዋል። እማኙ ኳሱ ከጨዋታ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ እጁ እስኪገባ ድረስ ዓይኑን አያነሣም። ስቲከሩን ይለጥፋል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ማን እንደወረወረው፣ ማን መቺ እንደነበረ፣ በስንተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንደሆነ ይጽፋል። ኳሱ መንገድ ላይ ባልዲ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ወይም እማኙ ለአንድ አፍታ ከዓይኑ ከጠፋበት፣ ስቲከር የለም። ልመናም አይሠራም።

ተመልካች መካከል የወደቀ ኳስ የማይረጋገጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሆምረን (ከሜዳው አልፎ የሚወጣ ምት) የተመታ ኳስ በእጁ ቀልቦ ወደ ቢሮ እየሮጠ ቢሄድ እንኳ መልሱ «አልቻልንም» ነው። ከቀለበበት እስከ ቢሮው ድረስ ኪሱ ውስጥ ሌላ ኳስ አልነበረም ብሎ የሚመሰክርለት የለም። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆኑ ጥቂት አጋጣሚዎች አሉ። በ2022 አልበርት ፑሆልስ በተጫዋችነት ዘመኑ ወደ 700ኛው ሆምረን፣ አሮን ጀጅ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 62ኛው ሲቃረቡ፣ እነሱ ለመምታት በገቡ ቁጥር የሚወረወሩት ኳሶች አስቀድሞ በምስጢር ምልክት የተደረገባቸው ነበሩ። ኳሱ ተመልካች ውስጥ ቢወድቅም በምልክቱ ይታወቃል። ይህ ግን ለታሪካዊ ቁጥሮች ብቻ የሚደረግ ነው። «ከስታዲየሙ ወንበር ላይ ራሴ ነኝ የቀለብኩት» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎት፣ ሰውየው ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የሚሸጥልዎት የራሱን ቃል ነው።

አሁን ወደ ኳስዎ እንምጣ። መዝገቡን ማንበብ ከቻሉ ሻጭ በቀላሉ አያታልልዎትም።

ሻጩ «በሜዳው ባደረገው የመጨረሻ ጨዋታ» ሲል ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ከሳንፍራንሲስኮ ጃይንትስ ጋር የተደረገውን ማለቱ ይመስለኛል። በዋዜማው ነበር ከርሾ ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማይጫወት ያስታወቀው፤ ስታዲየሙም ቆሞ ነው የሸኘው። ትክክለኛው አገላለጽ ግን «በሜዳው የመጨረሻው የመደበኛ ውድድር ጨዋታ» ነው። ከዚያ በኋላ ሴፕቴምበር 28 ቀን ሲያትል ላይ ወረወረ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ወደ ዶጀር ስታዲየም ተመልሶ ገባ። ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የሊጉ ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ፣ 18 ኢኒንግ በፈጀው በዚያ ረጅም ሌሊት፣ በ12ኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዞች (መቺዎች ሮጠው የሚቆሙባቸው ቦታዎች) ላይ የቶሮንቶ ተጫዋቾች ቆመው ሳለ ገብቶ ኢኒንጉን ለመዝጋት የቀረውን አንድ ሰው አስወጥቶ ወጣ። በሜዳው ለመጨረሻ ጊዜ የወረወረው ያን ጊዜ ነው። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ዋጋ ስለሚያስጨምር ሻጮች እንደልባቸው ይጠቀሙበታል። የመጨረሻው የምን? ብለው ይጠይቁ።

ቀኑ ልክ ቢሆንም ኳሱ የከርሾ ላይሆን ይችላል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ያላነሱ ኳሶች ይቀያየራሉ፤ ግማሽ ያህሉን የሚወረውረው ተጋጣሚው ነው። «ከከርሾ የስንብት ጨዋታ የተገኘ ኳስ» የሚለው ማስታወቂያ የጃይንትስ ወርዋሪ ለዶጀርሱ መቺ ለሙኪ ቤትስ የወረወረውን ኳስ ቢሸጥልዎትም ውሸት አልተናገረም። እዚህ ላይ አንድ ቀላል መንገድ አለ። እያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለት ግማሽ አለው። በመጀመሪያው ግማሽ እንግዳው ቡድን ይመታል፤ ባለሜዳው ይወረውራል። በሁለተኛው ግማሽ ይገላበጣል። ከርሾ በሜዳው ሲጫወት የሚወረውረው በመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። መዝገቡ ሁለተኛው ግማሽ ካለ ኳሱ የእሱ አይደለም። ሌላም አለ። በሴፕቴምበር 19ኙ ጨዋታ ከርሾ በአምስተኛው ኢኒንግ አንድ ሰው አስወጥቶ ነው የተቀየረው። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ኢኒንግ የሚል ኳስ በዚያ ቀን በእሱ እጅ አላለፈም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የወርዋሪው ስም መዝገቡ ላይ ተጽፎ ማየት አለብዎት።

ኳሱ ምን ሆኖ ከጨዋታ እንደወጣም ያንብቡ። ገበያ ላይ የሚበዛው አፈር የነካ ወይም ከመስመር ውጪ የተመታ ኳስ ነው፤ እነዚህ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየሩ። መቺው በስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት) የወጣበት ኳስ ግን ብርቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ጨዋታ ላይ ይቀጥላል ወይም ወደ ተመልካች ይጣላል። ስለዚህ ይወደዳል። ከርሾ ጁላይ 2 ቀን 2025 በቺካጎ ዋይት ሶክስ ላይ 3,000ኛ ስትራይክአውቱን ያስመዘገበበትን ዓይነት ኳስ በመቶዎች ዶላር አገኛለሁ ብለው አይፈልጉ። «የዚያ ኳስ ወንድም ነው» የሚልዎትም አይጠፋም። ወንድም የሚባል ኳስ የለም፤ ራሱ ነው ወይም አይደለም።

ቁጥሩን ከፎቶ ላይ ብቻ ወስደው አይርኩ። ትክክለኛ ቁጥር ከሌላ ሰው ማስታወቂያ ገልብጦ የራሱን ኳስ የሚልክ አጭበርባሪ አለ። ሻጩ ኳሱን ከእነ ስቲከሩ፣ የዛሬ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አብሮ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት። ስቲከሩ ሲላጥ እንዲበጣጠስ ሆኖ የተሠራ ነው። ጠርዙ የተነሣ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ አይውሰዱት።

ስለ ምስክር ወረቀቱ ብዙ አልልም። ሻጩ ራሱ ያተመው ወረቀት የሻጩ ቃል ነው፤ ማኅተም ቢኖረውም። ፊርማን በተመለከተ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ እና ቤኬት የሚባሉ የታወቁ መርማሪዎች አሉ። የእነሱ ሥራ ይረዳል። ሆኖም ፊርማው ሲፈረም ያላዩት ከሆነ የሚሰጡት የባለሙያ አስተያየት ነው፤ እማኝ ካየው ጋር እኩል አይቆጠርም። የፊርማ ምርመራ ስለ ፊርማው እንጂ ማልያው ስለመለበሱ የሚለው ነገር እንደሌለም ያስታውሱ።

የተለበሰ ማልያ የግድ ይሁንልኝ ካሉ ከመዝገቡ በተጨማሪ የፎቶ ማመሳሰል ይጠይቁ። ይህ ሥራ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። የጨዋታውን ዕለት ጥራት ያለው ፎቶ ከማልያው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይመረምራሉ። ሁለት ማልያ አንድ ዓይነት ቢመስልም ስፌቱ ፈጽሞ አንድ አይሆንም። ደረት ላይ ያለው የዶጀርስ ጽሑፍ ጅራቱ የቁልፉን መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ በሚሊሜትር ይለያያል። በቀዩ ቁጥር ጠርዝ ላይ የሚሄደው ዚግዛግ ክር አንዱ ላይ ማዕዘኑን አልፎ ይቆማል፣ ሌላው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። እድፍና የተተለተለ ክር ሲጨመር እንደ ጣት አሻራ ይሆናል። በ2024 በ24.12 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የጥንቱ ኮከብ የቤብ ሩት የ1932 ማልያ ያን ዋጋ ያወጣው፣ የተለበሰበት ጨዋታ በፎቶ ስለተረጋገጠ ነው። ለእርስዎ ግን ይህ መንገድ አይመከርም። የከርሾ የተረጋገጠ የጨዋታ ማልያ በ2,400 ዶላር አገኘሁ የሚል ሰው ካለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማልያውን ነው።

«ሲቆይ ዋጋው ይጨምራል» ላሉት፣ በዚህ ሐሳብ አይግዙ። የሾሄ ኦታኒ 50ኛ ሆምረን ኳስ በ2024 ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት ፍሬዲ ፍሪማን በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ የመታው ኳስ 1.56 ሚሊዮን አወጣ። ሁለቱም የዶጀርስ ተጫዋቾች ስለሆኑ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤቱ ያለውን አሮጌ ኳስ ያላየ ሰው የለም። እነዚያ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆኑ ዕቃዎች ናቸው። ማርክ ማግዋየር በአንድ ዓመት የሆምረን ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት 70ኛ ሆምረን ኳስም በ1999 ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተገዛው። ክብረ ወሰኑ በ2001 በባሪ ቦንድስ ተሰበረ፤ ማግዋየርም በ2010 አበረታች መድኃኒት መውሰዱን ራሱ አመነ። የሰው ስም ሲነካ ዕቃውም አብሮ ይነካል።

ከርሾ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የለበትም። ሦስት ጊዜ ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት፣ በ2014 ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትን ወስዷል። አንድ ተጫዋች ካቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ለዝነኞች አዳራሽ የሚመረጠው፤ የእሱ ተራ በ2031 ነው። እንደሚገባ የሚጠራጠር የለም። ችግሩ ይህን ሻጩም ያውቃል። የነገው ዝና ዛሬ በሚጠየቀው ዋጋ ውስጥ ገብቷል። በተለይ በስንብት ሰሞን ገበያው ይሞቃል፤ ብዙ ዕቃ ይወጣል፣ ብዙ ስሜት ይኖራል፣ ዋጋው ያብጣል። በጨረታ ቤት ከሸጡ ኮሚሽን አለ። ካተረፉም የአሜሪካ የፌዴራል ግብር እንዲህ ያሉ የስብስብ ዕቃዎችን ከአክሲዮን ለይቶ እስከ 28 በመቶ ያስከፍላል። ልጅዎ የሚወደው ስጦታ ይሁን፤ የጡረታ ገንዘብ አያድርጉት።

ምክሬ ይህ ነው። በጀትዎን ከ2,400 ወደ መቶዎቹ ያውርዱት። ከርሾ በ2025 ወይም በቀደሙት ዓመታት የወረወረውን፣ ስሙ መዝገቡ ላይ ያለ አንድ ኳስ ይግዙ። መጀመሪያ የሚያዩት ቡድኑ ራሱ የሚሸጠውን እና የሊጉን የጨረታ ገጽ ነው። እዚያ ካጡ ወደ ግለሰብ ሻጭ ይሂዱ፤ ያገኙት የ650 ዶላሩ ኳስ ከላይ ያልኳቸውን ካሟላ ይደራደሩና ይግዙት። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ይሁን። ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ ላክ የሚልዎትን ሻጭ ይዝለሉት፤ ገንዘቡ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያድርጉ። ከልጅዎ ጋር ስታዲየም የገባችሁበትን ቀን ያስታውሱ። አሮጌ ቲኬት ወይም ስልክዎ ውስጥ ያለ ፎቶ ቀኑን ይነግርዎታል። ያን ዕለት ከርሾ ወርውሮ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ኳስ ይፈልጉ። ሻጮች ዋጋ የሚጨምሩት ሁሉም ለሚያውቃቸው ቀኖች ነው። እናንተ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችሁ ያያችሁት ተራ የማክሰኞ ጨዋታ ለገበያው ምንም አይደለም። ለልጅዎ ግን ከሴፕቴምበር 19ኙ ሊበልጥበት ይችላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ኳሱ ሲደርስዎ ነጭ ሳይሆን ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። እንዳይደነግጡ፣ እንዳያጥቡትም። የሊጉ ኳሶች ሁሉ ከጨዋታ በፊት ከኒው ጀርሲ ወንዝ ዳር በሚመጣ ጭቃ ይታሻሉ፤ አዲስ ኳስ ስለሚያንሸራትት ነው። ያ ጭቃና የሜዳው አፈር ኳሱ መወርወሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት። የፀሐይ ጨረር በሚከላከል የአክሪሊክ ሣጥን ውስጥ አድርገው ከመስኮት አርቀው ያስቀምጡት። ልጁ «ከርሾ ይፈርምልኝ» ብሎ ይዞት መሄድ ከፈለገ ስቲከሩ ላይ እንዳይፈረም ብቻ ይጠንቀቁ። ደረሰኙን፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትንና የመዝገቡን ገጽ አትመው አንድ ፖስታ ውስጥ ከኳሱ ጋር ያኑሩት።